የአትክልትን ዘር ከመዝራት በፊት ስለ ማሰናዳትና ናኖ ስለሚባለው ረቂቅ ቅንጣት

ጥሩ ዘር፥ የለማ አፈርና በጊዜው የሚደርስ ውሃ፤ እነዚህ ሦስቱ የአትክልት ሥራ ምሰሶዎች መሆናቸውን የጋሞ ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ይሁን እንጂ ዘሩ መልካም ሆኖ ሳለ ከመደብ ላይ ግማሹ ሳይበቅል የሚቀርበት ጊዜ አለ። ወይም አንዱ በ5ኛው ቀን፥ ሌላው በ15ኛው ቀን ብቅ እያለ ችግኙ ሁሉ ወጣ ገባ ይሆናል። እንዲህ ያለው ችግኝ በአንድ ቀን አይነቀልም፤ በአንድ ቀን አይተከልም፤ ምርቱም በአንድ ጊዜ ለገበያ አይደርስም። በሐሬ፥ በኩልፎና በሲሌ ወንዞች በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ደግሞ ችግኙ ሲዘገይበት የውሃ ተራው ያልፈዋል። ስለዚህ ዘርን ከመዝራት በፊት ማሰናዳት ትንሽ ሥራ መስሎ ቢታይም የወቅቱን ድካም ሁሉ የሚወስን ነው።

በአሁኑ ዘመን ስለ ዘር አሰነዳድ ሲነገር «ናኖ» የሚለው ቃል ደጋግሞ ይሰማል። ዘርን በናኖ ዱቄት ወይም በናኖ ፈሳሽ ነክሮ መዝራት ብቅለቱን ያፋጥናል፥ ቡቃያውንም ያጠነክራል ይባላል። ነገሩ ከንቱ ወሬ አይደለም፤ በእርግጥ የተመረመረ ነገር ነው። ነገር ግን ተመረመረ ማለትና ለገበሬው እጅ ደረሰ ማለት አንድ አይደሉም። በዚህ ጽሑፍ ናኖ ማለት ምን እንደ ሆነ፥ በዘር ላይ ምን እንደሚሠራ፥ ጉዳቱም በምን በኩል እንደሚመጣ፥ ከሁሉም በላይ ጥቅሙ እውነተኛ መሆኑን ገበሬው በገዛ መደቡ እንዴት መፈተን እንደሚችል እንገልጻለን።

ዘር በውሃ ሲርስ ምን ይሆናል?

ስለ ናኖ ከመናገራችን በፊት ውሃ ብቻውን የሚሠራውን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህን ያላወቀ ሰው የናኖን ነገር በትክክል ሊመዝን አይችልምና።

ደረቅ ዘር የሞተ አይደለም፤ ያንቀላፋ ነው። በውስጡ ትንሽ ቡቃያና ለቡቃያው የተዘጋጀ ስንቅ አለ። ውሃ ሲያገኝ መጀመሪያ በፍጥነት ይጠጣል፥ ያብጣልም። ቀጥሎ ለተወሰነ ሰዓት መጠጣቱን ያቆማል፤ በውጭ ሲያዩት ምንም የሚሠራ አይመስልም፤ በውስጡ ግን ስንቁ እየተፈታ ለቡቃያው ምግብ ይሆናል። በመጨረሻም ነጩ የሥር ጫፍ ቅርፊቱን ሰብሮ ይወጣል። ገበሬው ዘሩን ነክሮ የሥሩ ጫፍ ከመውጣቱ በፊት ቢያወጣውና ላዩን ቢያጠፈጥፈው፥ ዘሩ የመንገዱን እኩሌታ ሄዶ ወደ አፈር ይገባል ማለት ነው። ስለዚህ ቶሎ ይበቅላል፤ ከጓደኞቹም ጋር አንድ ላይ ይበቅላል።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ዘሩን በስስ ንጹሕ ጨርቅ ቋጥራችሁ ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ ውስጥ አስቀምጡ። ውሃው ዘሩን በደንብ የሚሸፍን ይሁን።

2ኛ፤ የቲማቲም፥ የሽንኩርት፥ የቃሪያና የካሮት ዘር ከማታው 12 ሰዓት እስከ ጧቱ 12 ሰዓት ቢቆይ ይበቃዋል። የጥቅል ጎመን ዘር ቶሎ ስለሚነቃ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይበቃዋል። በአርባ ምንጭ ዙሪያና በምዕራብ ዓባያ ቆላ ሙቀቱ ብርቱ ስለ ሆነ ሰዓቱን አታስረዝሙ። በጨንቻና በዲታ ደጋ ግን ሌሊቱ ስለሚበርድ ዕቃውን ከቤት ውስጥ ከምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ይሻላል።

3ኛ፤ ጧት አውጥታችሁ በጥላ ሥር በጨርቅ ላይ በትኑት። ፀሐይ አያግኘው። እርስ በርሱ መጣበቁን ሲተው በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ዝሩት።

4ኛ፤ ነጭ የሥር ጫፍ የታየበት ዘር ጊዜው አልፏል፤ እንዲህ ያለውን አታድርቁት፤ እንደ ረጠበ ወዲያው በረጠበ መደብ ላይ ዝሩት።

5ኛ፤ የነቃ ዘር ደረቅ አፈር ካገኘው ይሞታል፤ ያልተነከረው ግን ዝናብ እስኪመጣ ሊታገሥ ይችላል። ስለዚህ የውሃ ተራችሁ ቀን ሳይታወቅ ወይም መደቡ ሳይርስ ዘር አትንከሩ።

6ኛ፤ በፋብሪካ ቀይ፥ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ዘር መድኃኒት አለበት። እርሱን አትንከሩት፥ አትጠቡትም፤ መድኃኒቱ ወደ ውሃውና ወደ እጃችሁ ይመጣልና።

ናኖ ማለት ምን ማለት ነው?

ናኖ የሚለው ቃል መሠረቱ ግሪክ ሲሆን ትርጓሜው ድንክ ማለት ነው። አንድ ሜትር ለ1,000,000,000 ቢከፈል አንዱ ክፍል ናኖሜትር ይባላል። የናኖ ቅንጣት የሚባለው መጠኑ ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር የሆነ ነው። የዶርዜ ፈታይ ከምትፈትለው ጥጥ አንዲቱን ጭረት ብቻ ለይተን ብንወስድ ውፍረቷ ከ10,000 እስከ 20,000 ናኖሜትር ያህል ይሆናል። እንግዲህ በዓይን ለማየት ከምታስቸግረው ከዚያች ጭረት የናኖ ቅንጣት በብዙ መቶ እጥፍ የደቀቀ ነው።

መድቀቁ የሚጠቅመው ስለ ምንድን ነው ቢሉ፥ ጨውን ተመልከቱ። አንድ የአሞሌ ቁራሽ ውሃ ውስጥ ቢጣል ቀስ ብሎ ይሟሟል። ያው ቁራሽ ተወቅጦ ቢጣል ግን ወዲያው ይሟሟል። ጨው የተለወጠ ሆኖ ሳይሆን ውሃውን የሚነካው ገጽ ስለ በዛ ነው። በየጎኑ 1 ሴንቲሜትር የሆነ ቁራሽ ገጹ ሁሉ ቢደመር 6 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ይኸው ቁራሽ በየጎኑ 1 ሚሊሜትር ወደ ሆኑ 1,000 ቅንጣቶች ቢሰበር ገጹ 60 ካሬ ሴንቲሜትር ይሆናል። እስከ ናኖ ድረስ ቢደቅ ደግሞ ከዚህ በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ በጣም ጥቂት ማዕድን ብዙ ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ በጎ ሥራም ሆነ ክፉ ሥራ።

ለዘር የሚሞከሩት ቅንጣቶች በሥራቸው በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ እንደ ዚንክና እንደ ብረት ያሉ፥ ተክል በጥቂቱ የሚፈልጋቸው ምግቦች ናቸው። በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው የአገራችን የአፈር ካርታ ሥራ በብዙ አካባቢ ዚንክ በአፈር ውስጥ እንደሚያንስ ስላሳየ፥ ዚንክን ከዘሩ ጋር መስጠት የሚለው ሐሳብ መሠረት ያለው ነው። ሁለተኛዎቹ እንደ ብርና እንደ መዳብ ማዕድን ያሉ፥ በዘር ላይ የተቀመጡ የበሽታ ሕዋሳትን የሚገድሉ ናቸው። ሦስተኛዎቹ የዘሩን ቅርፊት ዘልቀው ለውሃ መንገድ የሚከፍቱ ናቸው።

የሊቃውንት ምርመራ ምን አሳየ?

በ2009 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በአርካንሶ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ውስጣቸው ባዶ የሆነ እጅግ ረቂቅ የካርቦን ቱቦዎችን የቲማቲም ዘር በሚያበቅሉበት ምግብ ውስጥ ጨመሩ። ቱቦዎቹ የዘሩን ቅርፊት ዘልቀው ውሃ በብዛት እንዲገባ አደረጉ፤ ዘሩም ካልተጨመረበት ቀድሞ በቀለ። ብዙ ሰው ስለ ናኖና ስለ አትክልት ዘር መመርመር የጀመረው ከዚህ ወዲህ ነው። በቴክሳስም የሽንኩርት ዘርን በወርቅና በብር ቅንጣት ነክረው የፈተኑበት ሥራ በ2019፥ የሐብሐብ ዘርን የፈተኑበት ደግሞ በ2020 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመው የታይላንድ ምርመራ ለእኛ ልዩ ትምህርት አለው። ተመራማሪዎቹ ከሎሚ ወገን ከሆነ ዛፍ ቅጠል ጭማቂ ጋር የብር ቅንጣት ሠርተው፥ ያረጀ የሩዝ ዘር በአንድ ሊትር ውሃ 5 እና 10 ሚሊግራም ብቻ በሆነ መጠን ነከሩበት። ዘሩ በተሻለ ሁኔታ በቀለ። ትምህርቱ ግን በውጤቱ ብቻ አይደለም፤ በአሠራሩም ነው። እነዚህ ሰዎች የተነከረውን ዘር ከደረቅ ዘር ጋር ብቻ አላወዳደሩትም። በውሃ ብቻ ከተነከረ ዘር ጋር፥ ደግሞም ቅንጣት ካልሆነ ከተራ የብር ጨው ጋር አወዳደሩት። ትክክለኛ ፈተና እንዲህ ያለው ነው።

በአገራችንም ይህ እውቀት እንግዳ አይደለም። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኮሰረት ቅጠል ጭማቂ ጋር የዚንክ ኦክሳይድ ቅንጣት ሠርተው ባክቴሪያን እንደሚጎዳ ያሳዩበት ሥራ በ2020 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ለቅቤ ማንጠሪያ የምናውቀው ኮሰረት ለዚህ ሥራ መዋሉ የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን ልብ አድርጉ፤ በቅጠል የተሠራ ሁሉ የማይጎዳ ነው ማለት አይደለም። ቅጠሉ መሥሪያ ነው፤ የሚቀረው ማዕድን ያው ዚንክ ወይም ያው ብር ነው። «ከቅጠል የተሠራ ስለ ሆነ ጉዳት የለውም» የሚል ሻጭ ቢመጣ ይህን መልሱለት።

መጠን ሲያልፍ

በርበሬ ለወጥ ጣዕም ነው፤ ሲበዛ ግን ወጡን ያበላሻል። የናኖ ነገር ከዚህ ይብሳል። በ2007 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ምርመራ ዚንክ ኦክሳይድ ናኖ በበዛ ጊዜ የብዙ ዓይነት ቡቃያዎችን ሥር እንደሚያቀጭጭ አሳይቷል። ከጎመን ወገን በሆነው በራዲሽ የሥሩን እድገት በግማሽ የሚቀንሰው መጠን በአንድ ሊትር ውሃ 50 ሚሊግራም ያህል ሆኖ ተገኘ። በጎመን ዘር ደግሞ 20 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነበር።

ይህ በእኛ መስፈሪያ ሲታሰብ እንዲህ ነው። አንድ ግራም 1,000 ሚሊግራም ነው። በአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ውስጥ አንድ ግራም ብቻ ቢጨመር፥ በአንድ ሊትር 50 ሚሊግራም ይሆናል። ይህም ሥርን በግማሽ ለማቀጨጭ የበቃው መጠን ነው። በሻይ ማንኪያ ወይም በቆርኪ የሚሰፍር ሰው አንድ ግራምን ከሁለትና ከሦስት ግራም ሊለይ አይችልም። የገበያ ሚዛንም አይለየውም። ስለዚህ መጠኑ በትክክል ያልተጻፈበት፥ የሚለካበትም ዕቃ አብሮት ያልመጣ የናኖ ዱቄት በገበሬ ቤት ቦታ የለውም።

ደግሞም ምልክቱ አሳሳች ነው። በዚህ ዓይነት መርዝ የተጎዳ ዘር አብዛኛውን ጊዜ ይበቅላል፤ የሚቀጭጨው ሥሩ ነው። ገበሬው መደቡ አረንጓዴ ሆኖ ሲያየው ደስ ይለዋል፤ ችግኙን ነቅሎ ማሳ ላይ ከተከለው በኋላ ግን አልይዝ ይለዋል። ስለዚህ ብቅለትን ብቻ አትቍጠሩ፤ ጥቂት ችግኞችን በጥንቃቄ ነቅላችሁ የሥሩን ርዝመትና ጭራ መሰል ሥሮቹን ብዛት ተመልከቱ።

ለሻጩ የሚቀርብ አንድ ጥያቄ

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ማንኛውም ሰው የዘር መንከሪያ ይዞ ቢመጣና «ይህን የነከረ ከመቶው ይህን ያህል በለጠ» ቢላችሁ፥ «ከምን በለጠ? ከደረቅ ዘር ነው ወይስ በውሃ ብቻ ከተነከረ ዘር?» ብላችሁ ጠይቁት። ይህን ጥያቄ ያልመለሰ ሰው ምንም አልመለሰም።

ምክንያቱ ከላይ እንደ ተናገርነው ነው። ውሃ ብቻውን ዘርን ያነቃል። በማንኛውም ፈሳሽ ውስጥ ያደረ ዘር ከደረቁ ቀድሞ ቢበቅል ሥራው የውሃው ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ያህል ከ100 ደረቅ ዘር 70 በቀለ እንበል፤ በውሃ ከተነከረው 80፥ በናኖ ከተነከረው 82 በቀለ እንበል። ሻጩ «12 ጨመረልህ» ይላል። እውነቱ ግን 10ሩን የጨመረው ከወንዝ የተቀዳው ውሃ ነው፤ የናኖው ድርሻ 2 ብቻ ነው። 2 ደግሞ በአጋጣሚ የሚመጣ ልዩነት ነው። ከአንዱ ቆርቆሮ 100 ዘር ሁለት ጊዜ ቈጥራችሁ ብታበቅሉ ይህን ያህል መለያየቱ አይቀርም። ገበሬው እንግዲህ በገንዘቡ የገዛው ውሃውን ሆነ ማለት ነው።

በሦስት ረድፍ መፈተን

ይህን ፈተና ማንም ገበሬ ያለ ቤተ ሙከራ ሊያደርገው ይችላል። የሚያስፈልገው 300 ዘር፥ ሦስት ጨርቅና ትዕግሥት ብቻ ነው።

ከአንድ ቆርቆሮ ዘር ሳትመርጡ 300 ቍጠሩ። ትልልቁን ለአንዱ፥ ትንንሹን ለሌላው መስጠት ፈተናውን ያበላሻል። 100ውን ደረቅ እንደ ሆነ አቆዩት። 100ውን በንጹሕ ውሃ ንከሩት። 100ውን በምትፈትኑት ነገር ንከሩት። የሁለቱ የመንከሪያ ሰዓት እኩል ይሁን፤ ውሃውም ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ይሁን። ከዚያ በኋላ ሦስቱንም በአንድ ቀን፥ በአንድ መደብ ላይ፥ በእኩል ጥልቀት በሦስት ረድፍ ዝሩ። እንጨት ተክላችሁ ምልክት አድርጉባቸው። ማጠጣቱም፥ ጥላውም እኩል ይሁን።

ቈጠራውን ሁለት ጊዜ አድርጉ። ቲማቲምን በ5ኛውና በ14ኛው ቀን፥ ሽንኩርትን በ6ኛውና በ12ኛው ቀን፥ ቃሪያን በ7ኛውና በ14ኛው ቀን፥ ጥቅል ጎመንን በ5ኛውና በ10ኛው ቀን ቍጠሩ። የመጀመሪያው ቈጠራ ፍጥነቱን፥ ሁለተኛው ጠቅላላውን ብቅለት ያሳያል። እነዚህ ቀኖች እርጥበትና ሙቀት ሲስማማ የሚሠራባቸው ስለ ሆኑ፥ በደጋው ሁለትና ሦስት ቀን ጨምሩበት።

በውሃ በተነከረውና በናኖ በተነከረው መካከል ያለው ልዩነት ከ100 ከ10 የሚያንስ ከሆነ፥ በአንድ ፈተና ብቻ አትመኑት፤ ደግማችሁ ሞክሩ። ሁለትና ሦስት ገበሬዎች በየመደባቸው አንድ ዓይነት ፈተና ቢያደርጉና ቍጥራቸውን ቢያስተያዩ ከሁሉ ይሻላል። ሦስቱም መደብ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ነገሩ እውነት አለው፤ አንዱ ወደዚህ ሌላው ወደዚያ ካለ ግን አጋጣሚ ነው።

ደረቁ ረድፍ ብቻውን ደግሞ ሌላ ነገር ይነግራችኋል፤ ይኸውም የዘሩን የራሱን ሕይወት ነው። የሽንኩርት ዘር በቆላ ሙቀት ቶሎ የሚያረጅ ነው። አዳማ ሬድ ይሁን ቦምቤይ ሬድ፥ ከደረቁ 100 ዘር እኩሌታው ካልበቀለ፥ ገንዘባችሁን ለመንከሪያ ሳይሆን ለአዲስ ዘር አውሉት። የሞተን ዘር ውሃም ሆነ ናኖ አያስነሣውም።

በዘር ላይ ያለ በሽታ

የብር ወይም የመዳብ ቅንጣት በዘር ላይ ያለን በሽታ ይገድላል የሚለው ነገር ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ለዚሁ ሥራ ለረጅም ዘመን የተፈተነ፥ ምንም መርዝ የሌለበት መንገድ አለ፤ እርሱም ሙቅ ውሃ ነው። የጥቅል ጎመንን ቅጠል ከዳር ጀምሮ እያቢጨ፥ ጅማቱንም እያጠቆረ የሚያበሰብሰው በሽታ ከዘር ጋር ይመጣል። የጥቅል ጎመን ወይም የቲማቲም ዘር በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውሃ ለ25 ደቂቃ ከቆየ በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ ቢቀዘቅዝና በጥላ ቢደርቅ፥ በላዩና በውስጡ ያለው የበሽታ ሕዋስ ይቀንሳል።

ይህ ግን በእጅ ግምት የሚሠራ አይደለም። ሁለት ሦስት ዲግሪ ቢያልፍ ዘሩ ይቀቀላል፤ ቢያንስ በሽታው አይሞትም። ስለዚህ የሙቀት መለኪያ ያለው የልማት ሠራተኛ ለመንደሩ ሁሉ በአንድ ቀን ቢሠራው ይሻላል። ያረጀ ዘር ሙቀቱን ስለማይችል በመጀመሪያ 100 ዘር ብቻ ተሞክሮ ብቅለቱ ይታይ።

ዘርን ማከም የሚረዳው ከዘር ጋር ለሚመጣ በሽታ ብቻ መሆኑንም አትርሱ። በ2012 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን መግባቱ የታወቀውና ቲማቲምን የሚያጠፋው ቱታ አብሶሉታ የተባለው ተባይ በክንፉ በርሮ የሚመጣ ስለ ሆነ፥ ዘሩ በምንም ቢነከር አይቀርም። «ከዘር እስከ ምርት ከሁሉ ተባይ ያድናል» የሚል ወረቀት ያለበት ዕቃ ከዚህ የተነሣ ሊጠረጠር ይገባል።

ለሰውና ለሐይቅ የሚደረግ ጥንቃቄ

ከጥጥ ጭረት በብዙ መቶ እጥፍ የደቀቀ ዱቄት በአፍንጫ ሲገባ እስከ ሳንባ ውስጥ ይደርሳል። ዚንክ የተለበጠ ብረት የሚበይዱ ሠራተኞች ጭሱን ስበው ማታውን ብርድ ብርድ የሚላቸውና የሚያተኩሳቸው የደቀቀው ዚንክ ሳንባቸው ስለ ገባ ነው። ስለዚህ ደረቅ የናኖ ዱቄት በቤት ውስጥ፥ በነፋስ ላይ፥ ልጆችም ባሉበት አይከፈት። ዘርን በደረቅ ዱቄት በእጅ ማሸት ፈጽሞ አይገባም። ለፈተና እንኳ ሲሆን በፈሳሽ መልክ የመጣውን፥ ጓንት አድርጎ መያዝ ይገባል። የተነከረበት ዕቃ ለእንጀራም ለውሃም አይዋል። የተረፈውም ዘር ለዶሮ አይሰጥ።

የመንከሪያውን ውሃ በቦይ ውስጥ አትድፉ። የሐሬ ውሃ ወደ ዓባያ፥ የኩልፎና የሲሌ ውሃ ወደ ጫሞ ይወርዳል። የብር ማዕድን የበሽታን ሕዋስ እንደሚገድል ሁሉ፥ ለአፈር የሚጠቅሙትንም ሕዋሳት ይገድላል፤ ለዓሣም መርዝ ነው። ከጫሞ ነጭ ዓሣና ቆሮሶ የሚያወጣው ሰው የእናንተው ጎረቤት ነው። አንድ ገበሬ የሚደፋው ውሃ ትንሽ ነው ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን ቦዩ የሁሉ ስለ ሆነ ትንሹ የሁሉ ተደምሮ ይወርዳል። የተረፈውን ከቦይ፥ ከጉድጓድና ከምንጭ ርቃችሁ፥ ከብት በማይደርስበት ቦታ ጉድጓድ ቈፍራችሁ አፍስሱና በአፈር ሸፍኑት።

ለልማት ሠራተኞች

በቀበሌ የምትሠሩ የልማት ሠራተኞች ሆይ፥ ገበሬው ስለ አዲስ ነገር የሚጠይቀው አስቀድሞ እናንተን ነው። ሻጩ አንድ ጊዜ መጥቶ ይሄዳል፤ ችግኙ ሲጠፋ የሚጠየቀው በዚያ የሚቀረው ሰው ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር አጥብቃችሁ ያዙ።

አንደኛ፤ የበሽታን ሕዋስ ወይም ተባይን ይገድላል ተብሎ የሚሸጥ ነገር፥ ስሙ ናኖም ይባል ሌላ፥ ፀረ ተባይ ነው። በ2002 ዓ.ም. በወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 መሠረት ሳይመዘገብ ሊሸጥ አይገባም። የምዝገባውን ማስረጃ ጠይቁ፤ ከሌለ ለወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት አስታውቁ።

ሁለተኛ፤ በዕቃው ላይ የማዕድኑ ስም፥ በአንድ ሊትር የሚጨመረው መጠን፥ የመንከሪያው ሰዓት፥ የተሠራበትና የሚያበቃበት ቀን መጻፉን ተመልከቱ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ለገበሬ አትምከሩ።

ሦስተኛ፤ የሦስት ረድፉን ፈተና በገበሬዎች ማሠልጠኛው መደብ ላይ ሁሉም እያየ አድርጉ። ቍጥሩን ራሳቸው ገበሬዎቹ ይቍጠሩት። ውጤቱንም፥ ጥሩም ሆነ መጥፎ፥ ጽፋችሁ ለወረዳውና ለአርባ ምንጭ የግብርና ምርምር ማዕከል አስተላልፉ። ያልሠራ ነገር መጻፉ የሠራውን ከመጻፍ አያንስም፤ ሌላው ቀበሌ በዚያው ነገር ገንዘቡን እንዳያባክን ያደርጋልና።

ማጠቃለያ

አዲስ እውቀትን መናቅ አይገባም። ትናንት ማዳበሪያም፥ የተመረጠ ዘርም እንግዳ ነበሩ፤ ዛሬ በብዙ ቤት ገብተዋል። የናኖ ቅንጣትም መጠኑ ተለክቶ፥ ጉዳቱ ታውቆ፥ ዋጋውም ከገበሬው አቅም ጋር ተስማምቶ የሚመጣበት ቀን ሊኖር ይችላል። እስከዚያ ድረስ ግን ለናንተ የቀረበው መንገድ ይህ ነው፤ የዘራችሁን ብቅለት አስቀድማችሁ ፈትኑ፤ በንጹሕ ውሃ ነክራችሁ በረጠበ መደብ ላይ ዝሩ፤ በሽታ የሚያሠጋችሁ እንደ ሆነ የልማት ሠራተኛውን በሙቅ ውሃ እንዲያክምላችሁ ጠይቁ። ይህ ሁሉ ከድካምና ከሰዓት በቀር የሚጠይቀው ወጪ የለም።

ከዚህ በላይ የሚያስከፍል ማንኛውም ነገር ቢቀርብላችሁ ደግሞ ከደረቁ ዘር በልጦ መገኘቱ አይበቃም፤ በውሃ ብቻ ከተነከረው ዘር በልጦ ይገኝ። በመደባችሁ ላይ፥ በዓይናችሁ ፊት፥ በገዛ ቍጥራችሁ በልጦ ካያችሁት ግዙት። ካልበለጠ ግን ገንዘባችሁን ለተሻለ ዘር አቆዩት።